መንገድ የማያሳይ ስልክ

በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም መኖር ከጀመርን እነሆ ዐሥራ አራት ዓመት ሞላን። ሥራችን ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ እንዳይረሱ፥ በየትምህርት ቤቱ እየተዘዋወርን አማርኛ ማስተማር ነው። በልጅነታችን በጎጃም ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ፊደል ቈጠርን፥ ዳዊት ደገምን፥ ዲቁናም ተቀበልን፤ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ማንሣታችን ለመመካት አይደለም፤ ከዚህ በታች የምንናዘዘው ነገር እንዴት አድርጎ እንዳሳፈረን አንባቢ እንዲረዳልን ብለን ነው። አኮፋዳችንን በትከሻችን አንጠልጥለን ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ሁለትና ሦስት ቀን ስንጓዝ መንገድ ጠፍቶን አያውቅም ነበር። ያ ኮረብታ የማን አገር እንደ ሆነ፥ ያ ወንዝ ወዴት እንደሚወርድ፥ ሳንጠየቅ እንናገር ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ፥ በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፥ የ13 ዓመት ወንድ ልጃችንንና የ9 ዓመት እኅቱን ይዘን ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ናካ ጥብቅ ደን ለመናፈስ ወጣን። ቢዮርክሃገን በሚባለው ጣቢያ ከምድር ባቡር ወርደን ወደ ጫካው ገባን። መንገዱን የሚያሳየን በእጃችን የያዝነው ስልክ ነበር። በመስታወቱ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች፤ ያቺ ነጥብ እኛ ነን። እርስዋ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ፥ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ እያልን፥ ዐይናችንን ከመስታወቱ ሳናነሣ አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ዛፉን አላየንም፤ ድንጋዩን አላየንም፤ የተሻገርነው ውኃ በየት በኩል እንደሚፈስስ አላስተዋልንም። ልጃችን የራሱን ስልክ አልያዘም ነበር። ከቤት ስንወጣ «ያን ነገር ከእጅህ አኑረው!» ብለን በቍጣ ያስቀመጥነው እኛው ነን። በዚያን ጊዜ በቤታችን ስለ ስልክ ሳንነታረክ የምናድርበት ቀን ጥቂት ነበርና።

ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር። ስልካችን ሩብ ያህል ኃይል እንደ ቀረው እያሳየን ሳለ በድንገት ጠፋ። የስልክ ባትሪ በብርድ ጊዜ ኃይሉን በቶሎ እንደሚያጣ የተማርነው ኋላ ነው። በዚያ ወራት በስቶክሆልም ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቈጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ነውና፥ በጥዱ መካከል ያለው ብርሃን እያየነው ሟሸሸ። ትንሿ ልጃችን እጃችንን አጥብቃ ያዘች። እኛም ልጆቹ እንዳይፈሩ ብለን «በዚህ በኩል ነው» አልንና ወደ ፊት ተራመድን። ወዴት እንደምንሄድ ግን ፈጽሞ አናውቅም ነበር።

«አባዬ፥ ቁም» አለን ልጃችን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጎን እንናገር። በስዊድን ቋንቋ ሕፃኑም ሽማግሌውም፥ ተማሪውም መምህሩም እርስ በርሱ «አንተ» ይባባላል፤ ከእንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልማዱ እንዲህ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ አገር ያደጉ ልጆች አባታቸውን «እርስዎ» ማለት አይሆንላቸውም። እኛም መጀመሪያ እናዝን ነበር፤ ኋላ ግን «አባዬ» የምትለውን ቃል ካልተዉልን ይበቃናል አልን። በዚያች ሰዓት ግን «ቁም» የሚለው ቃል ከልጅ አፍ ወጥቶ ሳለ እንደ ታላቅ ወንድም ትእዛዝ ሆኖ ተሰማንና ቆምን።

ልጁ አልቸኰለም። «የት እንዳለን በእርግጥ የምናውቅበት የመጨረሻው ቦታ የት ነው?» ሲል ጠየቀ። እኛ መልስ አጣን። እኅቱ ግን «ከበሮ የሚመስለው ትልቁ ድንጋይ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ ወጣን እንጂ ወደ ታች አልወረድንም» አለች። ከዚያም ልጃችን በስዊድንኛ መናገር ጀመረ፤ ወዲያው ወደ እኛ ዞር ብሎ በአማርኛ ሊገልጽልን ሞከረ። «ውኃው በዚያ... በዚያ ነገር ውስጥ ነው የሚሄደው፤ በሁለቱ ተራራ መካከል፥ ዝቅ ያለው» እያለ በእጁ አየሩን ቈፈረ። «ሸለቆ ማለትህ ነውን?» አልነው። «አዎ፥ ሸለቆ! ሸለቆውን ይዘን ከወረድን ሐይቁን እናገኛለን። ሐይቁን ካገኘን ዳርቻውን ይዘን መብራት ያለበትን የሯጮች መንገድ እናገኛለን።» ልጁ እንደ ተናገረው ሸለቆውን ይዘን ወረድን። ሐይቁ ሼልቶርፕ የሚባለው ነበር። ከ40 ደቂቃ በኋላ በእንጨት ላይ የተሰቀለውን የመጀመሪያውን መብራት በዛፎቹ መካከል አየነው።

ቤት ስንደርስ ዝም ልንል አስበን ነበር፤ ትንሿ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉን ለእናትዋ ዘረገፈችው። ባለቤታችን ሰምታ ስታበቃ ያለችው «እንኳን ልጁ አብሯችሁ ሆነ» የሚል ብቻ ነበር። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ በዐይናችን አልዞረም። የከበደን መጥፋታችን አልነበረም። ልጃችን ይህን ያህል የሚያውቅ መሆኑን አለማወቃችን፥ ደግሞም የሚያውቀውን ለአባቱ የሚነግርበት ቃል ያጣ መሆኑ ነው የከበደን፤ እኛ የሌላውን ሁሉ ልጅ አማርኛ የምናስተምር ሰዎች ሆነን ሳለን!

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ከየት እንደ ተማረው ጠየቅነው። «በስፖርት ክፍለ ጊዜ ነዋ፤ ኦሪየንቴሪንግ ነው» አለ፥ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር እንደ ሆነ አድርጎ። ኦሪየንቴሪንግ ማለት በአማርኛ የካርታ ሩጫ ልንለው እንችላለን። በዚህ አገር በትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ስለ ገባ፥ ማንኛውም ልጅ በካርታ እየተመራ መንገዱን ማግኘት ይማራል። ሯጩ ካርታ ይሰጠዋል፤ በካርታው ላይ መነሻው በሦስት ማዕዘን፥ መድረስ የሚገባው ጣቢያ ሁሉ በክብ፥ መጨረሻው በድርብ ክብ ተሥሏል። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በየት በኩል መሄድ እንዳለበት የሚነግረው የለም። ያን መምረጥ የራሱ ፋንታ ነው።

የዚህ ጨዋታ ታሪክ ከዚያው እኛ ከጠፋንበት ደን ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው። ስሙ አስቀድሞ የወታደሮች ቃል ነበር፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድርም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 በኖርዌይ ተደረገ። ነገር ግን የጨዋታው አባት ተብሎ የሚጠራው ኤርንስት ሺላንደር የሚባል የስዊድን የጦር መኰንን ነው። ወጣቶች ከሩጫ ሜዳ እየራቁ መምጣታቸውን አይቶ፥ ሜዳው ቢሰለቻቸው ጫካው ይስባቸው እንደ ሆነ ብሎ በ1919 በናካ አካባቢ ታላቅ ውድድር አዘጋጀ፤ ከ200 በላይ ሯጮችም ወጡለት። በ1961 ዐሥር አገሮች ተባብረው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም በ1966 በፊንላንድ ተደረገ።

ስሙ ራሱ ብዙ አሳሰበን። ሥርወ ቃሉ በላቲን ምሥራቅ ማለት ነው፤ ፊትን ወደ ምሥራቅ አቅንቶ ራስን ማስተካከል እንደ ማለት ነው። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ስንጸልይ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ እንመልሳለን፤ የገጠር ሰውም በማያውቀው አገር ቤተ ክርስቲያን ካየ፥ ከመቅደሱ አቅጣጫ ምሥራቁን ያውቃል። ይህን ለልጃችን ስንነግረው እምብዛም አልተደነቀም። «እኛ ግን ሰሜንን ነው የምንይዘው» አለ። ልክ ነው፤ ኮምፓሱ የሚያሳየው ሰሜንን ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። በልጃችን አነሣሽነት እኛም ለመማር ስንወስን፥ ስልካችንን እቤት አስቀምጠን በወረቀት ካርታ ብቻ የምንሄድ መስሎን ነበር። ልጃችን ግን «ስልኩን ያዝ፥ ግን አትየው» አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። በዛሬው ጊዜ ማፕራን የሚባል በአውስትራሊያ የተሠራ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ኖርዌጃውያንም «የማይታይ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጡት ሌላ አላቸው። ቀድሞ የውድድር አዘጋጆች በየጫካው እየዞሩ ብርቱካናማና ነጭ ጨርቅ በየጣቢያው ይሰቅሉ ነበር፤ በትልልቅ ውድድሮች አሁንም ይሰቅላሉ። በስልክ በሚደረገው ሩጫ ግን በጫካው ውስጥ የተሰቀለ ነገር ምንም የለም። ጣቢያው ያለው በካርታውና በስልኩ ልብ ውስጥ ነው። ስልኩ ከሰማይ ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ያለበትን ቦታ እያወቀ፥ ሯጩ ከጣቢያው ጥቂት ሜትር ሲቀረው ድምፅ ያሰማል። ያም ደርሰሃል ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አዘጋጁ ከፈቀደ ሰማያዊዋ ነጥብ በካርታው ላይ ልትታይ ትችላለች፤ የሚሻለው ግን የተከለከለች እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ስልኩ የት እንዳለን እያወቀ አይነግረንም። የኔታ ዳዊት ስንደግም ዐይናቸውን ጨፍነው ያንቀላፉ እየመሰሉ ያደምጡን ነበር፤ አንዲት ቃል የሳትን እንደ ሆነ ግን ዝም አይሉም። ስልኩ በዚህ ከየኔታ ይልቅ ጨካኝ ነው። ስንስት ዝም ይላል፥ ስንደርስ ብቻ ይናገራል። በመካከሉ ያለው ሁሉ የእኛ ድካም ነው። ያ በናካ ደን ያሳወረን ስልክና ይህ ስልክ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ልዩነቱ ነጥቢቱ መኖርዋና አለመኖርዋ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሩጫችንን ከመኖሪያችን አጠገብ ባለው በየርቫ ሜዳ አደረግን፤ ሜዳው ሰፊና ገላጣ፥ ሕንፃዎቹም ከሩቅ የሚታዩ ናቸውና ለጀማሪ የተመቸ ነው። ርቀቱ ሦስት ኪሎ ሜትር፥ ጣቢያዎቹ ስምንት ነበሩ። አንደኛውንና ሁለተኛውን በቀላሉ አገኘን። ሦስተኛው አጥር ከጅረት ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ነበር። ደረስንና ቆምን፤ ስልኩ ዝም አለ። ወደዚያ ሄድን፥ ወደዚህ ተመለስን፤ አሁንም ዝም። «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» ብለን ጮኽን። ልጃችን ከኋላችን በዝግታ ደርሶ፥ «አባዬ፥ ካርታው ተዘቅዝቋል» አለ። እውነትም ካርታውን ገልብጠን ይዘን፥ ሌላ አጥርና ሌላ ጅረት አግኝተን ነበር። ሦስቱን ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ጨረስን። ከሩጫው በኋላ መተግበሪያው የሄድንበትን መንገድ ሁሉ በካርታው ላይ በቀይ መስመር ሥሎ ያሳያል፤ የእኛ መስመር ድመት የተጫወተችበት ልቃቂት ይመስል ነበር። ልጃችን እርሱን አይቶ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ። ከእኛ ጋር ሆኖ እንዲህ ከሳቀ ብዙ ወር ሆኖት ነበርና፥ እኛም ስለ ክብራችን አልተከራከርንም።

ከዚያን ቀን ወዲህ የተማርነውን ለመጀመር ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች እንንገር። ከሁሉ አስቀድሞ ካርታን ማቅናት ይገባል፤ ይኸውም እኛ ወደ የትም ብንዞር የካርታው ሰሜን ከምድሩ ሰሜን እንዳይለይ ካርታውን ማዞር ነው። በካርታው ላይ ያለው ጽሑፍ ቢገለበጥም ግድ የለም። ቀጥሎ አውራ ጣትን ባለንበት ቦታ ላይ ማኖር፥ ስንሄድም ጣታችንን አብሮ ማስኬድ ነው። የናካዋን ሰማያዊ ነጥብ የሚተካት ይህ ጣት ነው፤ ባትሪም አያልቅበትም። ሦስተኛም በቀጥታ በጫካ ከመሮጥ ይልቅ በመጀመሪያ መንገድን፥ አጥርን፥ የወንዝ ዳርን እንደ ደረጃ መደገፊያ ይዞ መሄድ ይሻላል። የጠፋን የመሰለን እንደ ሆነ መቆም ነው፤ መሮጥ ጥፋቱን ያበዛዋልና።

የካርታው ቀለም ቋንቋ አለው። ሰማያዊው ውኃ ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይና ሰው የሠራው ነገር፤ ቢጫው ገላጣ ሜዳ፤ ነጩ ሊሮጡበት የሚቻል ጫካ፤ አረንጓዴው ጥቅጥቅ ያለ ዱር። ነጩን ገላጣ ሜዳ አድርገን በማሰባችን ብዙ ጊዜ ተሳስተናል። ቡናማዎቹ መስመሮች የከፍታ መስመሮች ናቸው፤ ከአንዱ እስከ አንዱ ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር ከፍታ አለ፤ ተጠጋግተው ከተሣሉ አቀበቱ ብርቱ ነው። 1 ለ10,000 በሚባለው ካርታ አንድ ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 100 ሜትር ነው። ስለዚህ ሯጮች 100 ሜትር በስንት እርምጃ እንደሚጨርሱ አስቀድመው ይለካሉ። እኛ ስንራመድ ቀኝ እግራችን 62 ጊዜ ይረግጣል፤ ልጃችን 70 ይቈጥራል። ልጃችን የእኅቱን ርምጃ ግን በሰዓት ለካው፤ በደቂቃ 70 ሜትር ትሄዳለች።

ስለ ስልኩም ጥቂት ነገር አለ። ካርታውንና ጣቢያዎቹን ከቤት ሳይወጡ በኢንተርኔት መጫን ይገባል፤ በጫካ ውስጥ መስመር ላይኖር ይችላልና። ባትሪ ለመቈጠብ ተብሎ በስልኩ ላይ የሚደረገው ቅንብር መተግበሪያውን በመንገድ ላይ ያስተኛዋል፤ እርሱን ማጥፋት ያስፈልጋል። ስልኩ ሰማዩን እንዲያይ በክንድ ላይ ወይም በላይኛው ኪስ መያዝ ነው፤ በብርድ ቀን ግን ከሰውነት ሙቀት እንዳይርቅ። በረዣዥም ሕንፃዎች ወይም በገደል አጠገብ ምልክቱ ይዛባል፤ ያን ጊዜ ሯጩ በትክክለኛው ቦታ ቆሞ ሳለ ስልኩ ዝም ሊል ይችላል። (እኛ በየርቫ ይህን ምክንያት ልናቀርብ ሞክረን ነበር፤ ልጃችን ግን አልተቀበለንም።) የሄዱበት መስመር ለሌላ ሰው የሚታይ ስለ ሆነም፥ ልጆች ሩጫቸውን ከቤታቸው ደጃፍ እንዳይጀምሩ መንገር መልካም ነው። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ሁልጊዜ ይያዝ፤ ፊሽካም እንዲሁ።

ልብስን በተመለከተ ውድ ነገር አያስፈልግም፤ የማያንሸራትት ጫማና እግርን የሚሸፍን ሱሪ ይበቃል። በስቶክሆልም አካባቢ በሣር ውስጥ ያለው መዥገር ክፉ በሽታ ያመጣልና፥ ከጫካ ስንመለስ የልጆቻችንን ገላ እንመረምራለን፤ ለአንጎል ትኵሳቱ የሚሰጠውንም ክትባት ወስደናል። ሌላው ሁሉ በነፃ ነው። በዚህ አገር ማንም ሰው የሰውን ግቢና እርሻ ካልደፈረ በቀር በማንኛውም ጫካ ለመሄድ የቈየ መብት አለው። በበጋም የየአካባቢው ክለቦች «ሂታ ኡት» በሚባለው ዝግጅት ካርታ በነፃ ያድላሉ፤ ጣቢያዎቹም እንደ ክብደታቸው በአረንጓዴ፥ በሰማያዊ፥ በቀይና በጥቁር ይለያሉ። አረጋውያን እናቶች እንኳ በዝግታ እየተራመዱ አረንጓዴውን ሲፈልጉ አይተናል።

ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ግን በስልክ የሚደረገው ሩጫ ከሌላው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። የክለቦች ውድድር አብዛኛውን ጊዜ በእሑድ ጧት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ የቅዳሴ ሰዓት ነው። ብዙ ልጆች ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ሲባሉ የትኛውን እንደ መረጡ እናውቃለን፤ ወላጆችም ያውቁታል። በስልክ ያለው መንገድ ግን ለሳምንታት ክፍት ሆኖ ይቈያል፤ ልጁ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሊሮጠው ይችላል፤ ውጤቱም ከሌሎቹ ጋር እኩል ይመዘገብለታል። ረቡዕና ዓርብም እኛ ከ9 ሰዓት በፊት አንወጣም፤ ጾመኛ ሰው ውኃ ሳይጠጣ አቀበት መሮጥ አይገባውም። አንድ አባት «ዲያቆን በጫካ ውስጥ እንደ ሚዳቋ ይሮጣልን?» ብለው ቀልደውብናል። ልጃችን ከእኛ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ፊቱ እንደ ቀድሞው የተቈጣ አለመሆኑን ስንነግራቸው ግን አልቀለዱም።

በክፍላችንም አንድ ነገር ተለወጠ። የ«ሸለቆ» ነገር ከልባችን አልወጣም ነበርና ለተማሪዎቻችን የጫካ ካርታ በትነን በአማርኛ እንዲያነቡት ጠየቅናቸው። «ተራራ» ከሚለው በቀር ቃል የነበራቸው ጥቂት ናቸው። ረግረግ፥ ቋጥኝ፥ ተረተር፥ ጕብታ፥ ረባዳ፥ ገመገም፥ አፋፍ እያልን ስንጽፍ፥ ልጆቹ ወደ አያቶቻቸው እየደወሉ የጐደለውን አመጡልን። የሸዋውና የጎጃሙ ልጅ ለአንድ ነገር ሁለት ስም ይዘው መጥተው ተከራከሩ። ለዓመታት ግሥ ስናስረባቸው ያላየነውን ትጋት በዚያ ሳምንት አየን። በአገር ቤት ያሉ አስተማሪዎችም ቢሆኑ ከኦፕን ስትሪት ማፕ፥ ማለት በ2004 በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ ሰው ሁሉ በነፃ ከሚያዘጋጀው የዓለም ካርታ፥ የሰፈራቸውን አትመው ይህን ትምህርት በአንድ ሜዳ ላይ ሊጀምሩ ይችላሉ።

በዐቢይ ጾም አንድ ማታ፥ ልጃችን ያንን ካርታ በስልኩ ከፍቶ የተወለድንበትን መንደር እንድናሳየው ጠየቀን። ብዙ ፈልገን አገኘነው። አንዲት የመንገድ መስመርና ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነበሩ፤ ወንዙ እንኳ ስም የለውም። «እዚህ ምንም የለም» አለ። ይህ ቃል አሳዘነንና ትልቅ ወረቀት አምጥተን መሣል ጀመርን፤ ቤታችንን፥ ወንዙን፥ የዋርካውን ዛፍ፥ የየኔታን ጎጆ፥ በክረምት የሚሞላውን ረባዳ፥ ጅብ ያለበት ነው እየተባለ የምንፈራውን ገደል። ልጃችን የከፍታ መስመሮቹን እኛን እየጠየቀ ጨመረ፤ «ከዚህ ወደዚህ ስትሄድ ትደክም ነበር ወይስ ትሮጥ ነበር?» እያለ። ሲጨርስ ወይን ጠጅ እርሳስ አንሥቶ ሰባት ጣቢያ አደረገበት፤ ሦስት ማዕዘኑን ቤታችን ላይ፥ ድርብ ክቡን በስተ ምሥራቅ ባለው ቤተ ክርስቲያን ላይ። መቼ ሄደን እንደምንሮጠው እግዚአብሔር ያውቃል።

«ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ስንት ሜትር ነው?» አለ። አናውቅም። በእኛ ጊዜ መንገድ በሜትር አይለካም ነበር፤ ከቤታችን ተነሥተን ከዳዊት አንድ ንጉሥ፥ ማለት ዐሥሩን መዝሙር፥ እየደገምን ስንሄድ ስንጨርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም እንደርሳለን። ይህን ስንነግረው ጥቂት ዝም ብሎ አሰበና ስልኩን አነሣ። «እስቲ አሁን በልልኝ፤ እኔ ሰዓቱን እይዛለሁ» አለ። ጀመርን። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ስንደርስ ትንሿ ልጃችን ከመኝታ ቤት ወጥታ መጥታ ከጐናችን ተቀመጠች። ስንፈጽም 19 ደቂቃ ሆኖ ነበር። ልጃችን በእኅቱ እርምጃ አባዝቶ 1,330 ሜትር አገኘ፤ ከካርታው ጋርም አስተያየው። ከዚያም ላጲስ አንሥቶ ድርብ ክቡን አጠፋና ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ምሥራቅ ጥቂት ገፋ አደረገው።